ውሃ ሽቅብ ሲወጣ፤ የመሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ሕይወትና የጋራዥ ወለል ጥያቄ

የመጽሔታችን አዘጋጅ ኮሚቴ ለዘንድሮው እትም በሙያችን ስመ ጥር የሆነ የአንድ ሰው ታሪክ እንዳቀርብ ባዘዘኝ ጊዜ፣ እኔ በሌላ ጉዳይ ተይዤ ነበር። ይኸውም በላምበረት በሚገኘው መኖሪያ ቤቴ የጋራዡን ወለል የሸፈነው የኢፖክሲ ቅብ ዓመት ሳይሞላው፣ በመጀመሪያው ክረምት ፊኛ እየሠራ ይነሣና በመኪናው ጎማ ሥር እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይላጥ ስለ ጀመረ፣ በምን ዓይነት ቅብ እንደምተካው ለመወሰን የሻጮችን መግለጫ ሳገላብጥ እሰነብት ነበር። ጥፋቱን በቀቢው ላይ ብቻ ለመጣል ልቤ ቢያዘነብልም፣ ቅቡን የመረጥሁት እኔው ራሴ እንደ ሆንሁ፣ የመረጥሁትም በቀለሙ ማማርና በዋጋው መርከስ እንደ ነበረ ኅሊናዬ አይስተውም።

አንድ ቀን ማለዳ ከተላጠው ቅብ አንዱን ቁራጭ ባነሣው ከሥሩ ውሃ አቁሮ አገኘሁት። ጣሪያው አያፈስም፤ ከላይ የተደፋበትም ነገር አልነበረም። ውሃው የመጣው ከታች፣ ከመሬቱ ነው። ቀና ብዬ በስተሰሜን የተዘረጋውን የእንጦጦን ሰንሰለት ባየሁ ጊዜ፣ ከ130 ዓመት በፊት ከዚሁ ተራራ ውሃ አውርደው፣ መልሰው ወደ ሌላ ጉብታ ሽቅብ በማስወጣት የከተማውን ሕዝብ ያስደነቁት መሐንዲስ ታወሱኝ። ስለዚህ የታዘዝሁትን ታሪክና ያስጨነቀኝን ወለል ባንድነት ለማቅረብ ደፈርሁ። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ከዙሪክ እስከ አንኮበር

አልፍሬድ ኢልግ መጋቢት 22 ቀን 1846 ዓ.ም. በስዊዘርላንድ አገር፣ ቱርጋው በተባለው ክፍለ ግዛት፣ በፍራውንፌልድ ከተማ ተወለዱ። በዙሪክ በሚገኘው ታላቅ የፖሊቴክኒክ ትምህርት ቤት የምሕንድስና ትምህርታቸውን ፈጸሙ። በዚያን ዘመን የሸዋ ንጉሥ የነበሩት ምኒልክ የአውሮፓን የእጅ ጥበብ ወደ አገራቸው ለማስገባት ብርቱ ምኞት ስለ ነበራቸው፣ በኤደን ወደብ ይነግድ በነበረ የስዊስ የንግድ ቤት አማካይነት አንድ መሐንዲስ እንዲፈለግላቸው ጠየቁ። ጥሪው ለወጣቱ ኢልግ ደረሰ። እርሳቸውም ሁለት የአገራቸውን የእጅ ባለሙያዎች አስከትለው በ1870 ዓ.ም. ከአውሮፓ ተነሡ፤ ከባሕሩ ዳርቻ እስከ ሸዋ ያለውን የበረሃ መንገድ አቋርጠው በ1871 ዓ.ም. አንኮበር ሲገቡ ዕድሜያቸው ገና 24 ዓመት ነበር።

ንጉሡ እንግዳውን ወዲያው ለታላቅ ሥራ አላሰማሯቸውም። አስቀድመው ችሎታቸውን ለመመዘን አንድ ጥንድ ጫማ እንዲሠሩላቸው አዘዟቸው ይባላል። ኢልግ መሐንዲስ እንጂ ጫማ ሰፊ አልነበሩም፤ ሆኖም ሥራውን ሳይንቁ ጫማውን ሠርተው አቀረቡ። ቀጥሎ የመጣው ትእዛዝ ጠመንጃ እንዲሠሩ ነበር። ኢልግ ከውጭ አገር ተገዝቶ የሚመጣው ጠመንጃ በዋጋም በጥራትም እንደሚሻል ሳይሸሽጉ ለንጉሡ አስረዱ። ንጉሡ በሐሳባቸው ስለ ጸኑ ግን ይህንኑም ሠርተው እንዳበረከቱ ይተረካል። በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁለቱም ወገኖች ምስጋና ይገባቸዋል። ንጉሡ ታላቁን ሥራ ከመስጠታቸው በፊት በትንሹ ፈትነዋል፤ መሐንዲሱም የተጠየቀው ነገር አስፈላጊ አለመሆኑን እያወቁ ዝም ብለው ዋጋ አልተቀበሉም።

ኢልግ ከዚያ በኋላ የሠሩበትን አገር ቋንቋ ለመማር ጊዜ አላባከኑም፤ አማርኛ አወቁ፣ ኦሮምኛም ተማሩ። ዕቃው በሰውና በእንስሳ ጫንቃ እየተጓጓዘ የአዋሽን ወንዝ የሚያሻግር ድልድይ አሠሩ። በሐረርና በሸዋ መካከል ይነግድ ከነበረው ከፈረንሳዊው ባለቅኔ ከአርተር ራምቦ ጋርም ስለ ሸቀጥና ስለ ሒሳብ ብዙ ደብዳቤ ተጻጽፈዋል። የንጉሡ እምነት እያደገ ሲሄድ ሥራቸው ከመሐንዲስነት አልፎ ወደ መልእክተኝነትና ወደ አማካሪነት ተሸጋገረ።

የእንጦጦ ምንጭ

ምኒልክ በ1870ዎቹ ዓመታት መናገሻቸውን ወደ እንጦጦ አዛወሩ። ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ይህ ተራራ ለጥበቃ የተመቸ ይሁን እንጂ፣ ብርዱና ነፋሱ የበረታበት፣ ማገዶውም ፈጥኖ ያለቀበት ስፍራ ነበር። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ በፍል ውሃው አጠገብ ቤት እንዲሠራ ካደረጉ ወዲህ አዲስ አበባ ተቆረቆረች። ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ ቢጭኑም፣ የከተማው ሕይወት ግን ቀስ በቀስ ወደ ቆላው ወረደ። አዲሱ ቤተ መንግሥት በእሳት ተቃጥሎ እንደገና ሲታነፅ ኢልግ ከሥራው ዋና መሪዎች አንዱ ሆኑ።

የቤተ መንግሥቱ ግቢ የተተከለው ጉብታ ላይ ስለ ነበረ ውሃ ከምንጭና ከወንዝ በእንስራ እየተቀዳ ሽቅብ ይጋዝ ነበር። ኢልግ ይህን ችግር አይተው የእንጦጦን የምንጭ ውሃ በቧንቧ ለማምጣት አሰቡ፤ በ1886 ዓ.ም. ሥራው ተፈጸመ። ቧንቧው ከተራራው ቁልቁል ወርዶ ዝቅተኛውን ስፍራ ካቋረጠ በኋላ፣ ወደ ቤተ መንግሥቱ ጉብታ መልሶ መውጣት ነበረበት። ውሃ ቁልቁል እንጂ ሽቅብ ሲሄድ አይቶ የማያውቀው ሕዝብ ነገሩ ከንቱ ድካም መስሎት ነበር። ውሃው ግን ወጣ። ሕዝቡም ተደንቆ ንጉሡን የሚያወድስ ግጥም ገጠመለት።

ለማኅበራችን አባላት የዚህን ምክንያት ማስረዳት አያሻም። ውሃው የሚወርድበት መነሻ ከሚደርስበት ስፍራ ከፍ ያለ እስከ ሆነ ድረስ፣ በመካከል ያለው ሸለቆ አያግደውም፤ በየ10 ሜትሩ የከፍታ ልዩነት በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ 1 ኪሎ ግራም ያህል ግፊት ይጨምራል። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ነገር ግን የገዛ ቤታችንን ወለል ስንሠራ እንረሳዋለን። የላምበረትና የአካባቢዋ ቤቶች ብዙዎቹ የቆሙት ዳገቱ ተቆርጦ በተደለደለ ቦታ ላይ ነው። በክረምት በእንጦጦና በየካ ተራሮች ላይ የሚዘንበው ውሃ በአፈሩ ውስጥ ቁልቁል እየሰረገ ይመጣና፣ ከዳገቱ በኩል ያለውን ግድግዳና የወለሉን ሥር ይጫናል። ግፊት ባይኖር እንኳ ኮንክሪቱ በጥቃቅን ቀዳዳዎቹ አማካይነት እርጥበቱን እንደ ፋኖስ ክር ወደ ላይ ይስባል። ሕዝቡ ሽቅብ ይወጣል ብሎ ያላመነው ውሃ፣ ከእኛ ወለል ሥር በየክረምቱ ሽቅብ ይወጣል።

በኢልግ ዘመን የነበረው የአገራችን ቤት ወለል የተደቀደቀ አፈር ሆኖ በጭቃና በእበት የተለቀለቀ፣ በበዓል ቀን ቄጠማ የሚነሰነስበት ነበር። ይህ ወለል ብዙ ጉድለት ነበረበት፤ ፊኛ ግን አይሠራም፣ አይላጥምም ነበር። ምክንያቱም ከታች የሚመጣው እርጥበት ሳይታገድ በላዩ አልፎ ወደ አየር ይተን ነበር። ኢፖክሲ ግን እንደ ቆዳ ወለሉን ይዘጋዋል። መውጫ ያጣው እርጥበት ቅቡን ከሥሩ ይገፋዋል።

የማይታየው መሠረት

ሙሴ ኢልግ የቧንቧው ሥራ በተፈጸመበት በዚያው በ1886 ዓ.ም. ከፈረንሳዊው ነጋዴ ከሊዮን ሼፍኑ ጋር ሆነው የባቡር ሐዲድ ለመዘርጋት ከዐፄ ምኒልክ የ99 ዓመት ፈቃድ ተቀበሉ። የመጀመሪያዎቹ የኢትዮጵያ ቴምብሮች በፓሪስ ታትመው የወጡትም በዚሁ ጊዜ ሲሆን፣ በዚህም ሥራ ኢልግ ድርሻ ነበራቸው። በ1887 ዓ.ም. በዙሪክ ፋኒ ጋቲከርን አገቡ። ከዐድዋ ድል በኋላ የአውሮፓ መንግሥታት መልእክተኞች ወደ አዲስ አበባ በጎረፉ ጊዜ፣ በ1889 ዓ.ም. የመንግሥት አማካሪነት ማዕረግ ተሰጥቷቸው፣ በውጭ ጉዳይ ረገድ ከንጉሠ ነገሥቱ አጠገብ የማይለዩ ሰው ሆኑ።

የባቡሩ ሥራ በጂቡቲ ተጀምሮ ወደ ውስጥ ሲዘልቅ ሐዲዱ በመልካም ሁኔታ ይዘረጋ ነበር። ያልታየው ጉድለት የነበረው ከሐዲዱ በታች፣ በገንዘቡ መሠረት ነው። ኩባንያው ገንዘብ ስላጠረው በ1894 ዓ.ም. ከፈረንሳይ መንግሥት ጋር ውል ተዋዋለ፤ ውሉም በሥራው ላይ ለፈረንሳይ መንግሥት ከፍተኛ ሥልጣን የሚሰጥ ነበር። ዐፄ ምኒልክ ለግል ኩባንያ የሰጡት ፈቃድ ሳያውቁት በባዕድ መንግሥት እጅ መግባቱን በተረዱ ጊዜ በብርቱ ተቆጡ። ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደርሶ ለብዙ ዓመታት በዚያው ቆመ።

በፈቃዱ ላይ ስማቸው የነበረው ኢልግ ከዚህ ነገር ጉዳት ሳያገኛቸው አልቀረም። በቤተ መንግሥት የነበራቸው ተሰሚነት እየቀነሰ ሄደ፤ በ1899 ዓ.ም. ገደማ ከ28 ዓመት ያህል አገልግሎት በኋላ ሥራቸውን ትተው ወደ አገራቸው ተመለሱ። ታኅሣሥ 28 ቀን 1908 ዓ.ም.፣ በኢትዮጵያ የገና በዓል በሚከበርበት ዕለት፣ በዙሪክ ከተማ አረፉ። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነውና ያለሙትን ፍጻሜ ለማየት አልታደሉም። ከኢትዮጵያ የሰበሰቧቸው የባህል ዕቃዎች ዛሬም በዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መዘክር ይገኛሉ።

የኢልግን ታሪክ ስናስብ የቧንቧው ነገር ቀድሞ ትዝ ይለናል። ለእኔ ግን የባቡሩ ነገር የሚያስተምረው ይበልጣል። የእንጦጦው ውሃ የተሳካላቸው ከመነሻው እስከ መድረሻው ያለውን ሁሉ ስላወቁና ስለ ለኩ ነው። ባቡሩ ያሳዘናቸው ከሥሩ ያለው ሳይጸና ከላዩ ያለው ስለ ተገነባ ነው።

ከዚያው ከተማ የወጣው ሙጫ

ኢልግ ካረፉ ከ22 ዓመት በኋላ፣ በ1930 ዓ.ም.፣ በዚያው በዙሪክ ከተማ ፒየር ካስታን የተባለ ስዊሳዊ ኬሚስት ለጥርስ ሕክምና የሚሆን ጠንካራ ነገር ሲፈልግ፣ ዛሬ ኢፖክሲ የምንለውን ሙጫ አግኝቶ የባለቤትነት መብት ጠየቀበት። መብቱ በባዝል ከተማ ለሚገኘው ለሲባ ኩባንያ ተላለፈ፤ ኩባንያውም በ1938 ዓ.ም. በባዝል የንግድ ትርዒት ላይ አራልዲት በሚል ስም ማጣበቂያውን ለሕዝብ አሳየ። በአሜሪካም ሲልቫን ግሪንሊ የተባለ ኬሚስት በዚያው ዘመን ተመሳሳይ ሙጫ ለቀለም ሥራ እንዲውል አድርጓል። ዛሬ ከጋራዥ ወለል ላይ የምናፈስሰው የዚሁ ዝርያ ነው።

ኢፖክሲ እንደ ተራ ቀለም በመድረቅ አይጸናም። ሙጫውና ማጠንከሪያው በተወሰነ ልክ ሲቀላቀሉ እርስ በርሳቸው ተዋሕደው አዲስ ነገር ይሆናሉ፤ አንድ ጊዜ ከጠነከረም ተመልሶ አይቀልጥም። ስለዚህ ልኩን በግምት የደባለቀ ሰው ስሕተቱን በኋላ ሊያርመው አይችልም።

ለጋራዥ ወለል ምን እንምረጥ?

ቅብ ከመምረጥ በፊት ወለሉ ቅብ የሚችል መሆኑን መመርመር ይገባል። በ45 ሴንቲ ሜትር ስፋትና በ45 ሴንቲ ሜትር ርዝመት የተቆረጠ ላስቲክ በወለሉ ላይ ዘርግቶ ዙሪያውን በፕላስተር ማሸግና ቢያንስ 16 ሰዓት ማቆየት ነው። ሲነሣ ከሥሩ ጠል ከታየበት ወይም ኮንክሪቱ ከጠቆረ፣ ወለሉ ከታች እየጠጣ ነውና ተራ ኢፖክሲ አይችልም። ይህ ፈተና በጥር ወር ብቻ ከተደረገ ያታልላል፤ የላምበረት ወለል የሚፈተነው በሐምሌና በነሐሴ ነው። አዲስ የፈሰሰ ኮንክሪት ከሆነ ደግሞ ቢያንስ 28 ቀን ሳይሞላው መንካት አይገባም።

ሁለተኛው ጉዳይ የወለሉ ፊት ነው። በአገራችን ግንበኛው የሚመሰገነው ሊሾውን በንጹሕ ስሚንቶ አሽቶ እንደ መስተዋት ሲያበራው ነው። ይህ ውበት ግን ለኢፖክሲ ጠላት ነው። ከላይ ያለው የስሚንቶ ቅርፊት ስስና ደካማ ስለ ሆነ፣ ቅቡ እርሱን ይዞ ይላጣል። ቅርፊቱ በመፍጫ ማሽን ተጠርጎ ጥርስ ያለው ሻካራ ፊት መውጣት አለበት። በአሲድ የሚያጥቡም አሉ፤ ነገር ግን አሲዱ በሚገባ ካልታጠበ ራሱ ሌላ ጠንቅ ይሆናል፣ የዘይት እድፍንም አያስለቅቅም። ዘይቱ አስቀድሞ በማጽጃ መወገድ አለበት። ወለሉ ላይ ጠብ የተደረገ ውሃ ፈጥኖ ከሰረገ ፊቱ ተዘጋጅቷል፤ እንደ ዶቃ ከተንከባለለ ግን ገና ነው።

ሦስተኛው የቅቡ ዓይነትና ውፍረት ነው። በውሃ የቀጠነው ኢፖክሲ ዋጋው ዝቅተኛ፣ አቀባቡም ቀላል ነው፤ ነገር ግን ከጠነከረ በኋላ የሚቀረው ውፍረት በአንድ ቅብ ከ50 እስከ 80 ማይክሮን ያህል ነው። ከረጅም መንገድ የገባ መኪና ጎማው ግሎ በዚህ ስስ ቅብ ላይ ሲያድር፣ ጎማው ሲቀዘቅዝና ሲኮማተር ቅቡን ይዞት ይነሣል። ምንም የሚተን ነገር የሌለበት ሙሉ ኢፖክሲ ግን የፈሰሰው ሁሉ በወለሉ ላይ ይቀራል። 1 ሊትሩ በ4 ካሬ ሜትር ላይ ቢዘረጋ ውፍረቱ 250 ማይክሮን ይሆናል። ስለዚህ 3 ሜትር በ6 ሜትር ለሆነ የአንድ መኪና ጋራዥ፣ ከሥረኛው ቅብ ሌላ፣ 4 ሊትር ተኩል ያስፈልጋል። ከዚህ በጣም ባነሰ መጠን ወለሉን እጨርሳለሁ የሚል ቀቢ ቢመጣ፣ ሒሳቡ የት እንደ ጎደለ መጠየቅ የባለቤቱ ፈንታ ነው።

አራተኛው የአየሩ ጠባይ ነው። አብዛኛው ኢፖክሲ ከ10 ዲግሪ በታች በሆነ ቅዝቃዜ በደንብ አይጠነክርም፤ የወለሉም ሙቀት ጠል ከሚወርድበት ነጥብ ቢያንስ በ3 ዲግሪ መብለጥ አለበት። በእንጦጦ ግርጌ የጥቅምትና የኅዳር ሌሊት ብርድ ይህን ወሰን ያልፋል። ሌሊቱ ሳይደርስ ካልጠነከረ በፊቱ ላይ ነጭና ቅባት መሳይ ነገር ይወጣበታል። የጠዋት ፀሐይ የምታሞቀው ወለል ደግሞ በውስጡ ያለውን አየር ወደ ላይ ስለሚያስወጣ አረፋ ይሠራል። እንግዲህ የተሻለው ጊዜ ክረምቱ ወጥቶ ወለሉ ከደረቀ በኋላ፣ ሌሊቱ ለዘብ ባለበት ወር ነው። ሥራው የወለሉ ሙቀት ማሻቀቡን ሲያቆም ይጀመር፤ ያን ዕለት ሌሊት ብርዱ እንዳይገባ በሮቹን መዝጋት ያስፈልጋል።

ከዚህ በተረፈ ኢፖክሲ በፀሐይ ጨረር ስለሚወይብና ስለሚነጣ፣ በከፍታችን ላይ ፀሐይ በምትገባበት የበሩ ግድም የፀሐይን ጨረር የሚችል ፖሊዩሬቴን በላዩ ሊደረብበት ይገባል። እርጥብ ሲሆን እንዳያንሸራትት ደቃቅ አሸዋ ይነስነስበት። ቀቢዎች ጓንት ሳያደርጉ እንዳይነኩት፣ በሚቀቡበትም ሰዓት አየር እንዲገባ መጠንቀቅ ግዴታ ነው፤ ማጠንከሪያው ቆዳን ያሳክካል፣ አንድ ጊዜ የተቆጣ ቆዳም ሁልጊዜ ይቆጣል። መኪናው ከሳምንት በፊት ባይገባ ይመረጣል።

የራሴ ወለል ፍርድ

ይህን ሁሉ ካሰላሁ በኋላ የገዛ ወለሌን መረመርሁ። ከአንድ ጥግ ኮንክሪቱን ባስበሳው፣ ከድንጋይ ሙሊቱ በላይ መነጠፍ የነበረበት ላስቲክ የለም። ከዳገቱ በኩልም ማፋሰሻ አልተሠራለትም። የክረምቱ የላስቲክ ፈተና በሦስት ቦታ ተደርጎ በሦስቱም ጠል አሳየ። ሻጮች እርጥበት የሚችል ልዩ የሥር ቅብ እንዳለ ይናገራሉ፤ ዓይነቱም በእርግጥ አለ፣ ዋጋው ግን ከላዩ ቅብ ይበልጣል። ከዳገት የሚገፋ ውሃ ሳይቆም ደግሞ እርሱም ዋስትና አይሆንም።

ስለዚህ በመጀመሪያ ከጋራዡ ጀርባ ቦይ አስቆፍሬ፣ ጠጠር አስሞልቼና የተበሳ ቱቦ አስቀብሬ ውሃውን ወደ ጎን አስወጣሁት። የተላጠውን ቅብ ሁሉ በመፍጫ አስጠርጌ ኮንክሪቱን በኢፖክሲ ፈንታ በሲሊኬት ፈሳሽ አጠጣሁት። ይህ ፈሳሽ ከኮንክሪቱ ኖራ ጋር ተዋሕዶ ፊቱን ያጠነክራል፣ አቧራውን ይቀንሳል፤ እርጥበቱን ግን እንደ አያቶቻችን ልቅላቂ ወደ ላይ አሳልፎ ያስተነፍሳል። አያበራም፤ የዘይት ጠብታም ፈጥኖ ካልተጠረገ ምልክቱ ይቀርበታል። ከቦዩ ጋር ሁለት ክረምት አልፎ ላስቲኩ ያለ ጠል ቢነሣ፣ ያን ጊዜ ስለ ኢፖክሲ እንደገና አስባለሁ። ከወለሉ ሥር ላስቲክ ያለው፣ ቦታውም የደረቀ ጎረቤቴ ሲጠይቀኝ ግን ሙሉውን ኢፖክሲ በ250 ማይክሮን ውፍረት፣ በበሩ ግድም ፖሊዩሬቴን ተደርቦበት እንዲያስቀባ መክሬዋለሁ።

ሙሴ ኢልግ ለንጉሡ ጠመንጃው ከውጭ ቢገዛ እንደሚሻል የተናገሩት በአንኮበር ሳሉ፣ ገና እንግዳና ወጣት ሆነው ነው። ዛሬ ደንበኛ ወደ እኛ መጥቶ የሚያበራ ወለል ሲጠይቀን፣ ወለሉ የማይችለው ከሆነ ይህንኑ መንገር ገበያ ሊያሳጣን ይችላል። የማኅበራችን አባላት ግን ይህን ለመናገር ከእርሳቸው ይልቅ የተመቸ ዘመን ላይ እንገኛለን፤ ላስቲኩም ፕላስተሩም በየሱቁ አለና፣ ዋጋ ከመቁረጣችን በፊት 16 ሰዓት እንታገሥ።